ጠጋ ጠጋ በሉ

ዊኒፔግ ነው ነገሩ፤ ሴልከርክ ጎዳና ላይ፣
የባንኩ ሰሌዳ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲያሳይ፣
መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው ኋላ፣
አንዲት ልጅ ተጣራች፣ «ወልደ!» ብላ።
ሁለት ሰው ተነሣ።

አንዱ ወልደሰንበት፣ ጡረታ የወጣ በያጅ፣
አንዱ ወልደትንሣኤ፣ ስኳር የያዘው የጣፋጭ ወዳጅ።
ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት ጠቦ ኖሮ
ስማቸው ከወገቡ ተቆርጦ ቀርቶ፣ ቦታ አጥሮ፣
የተረፈው «የ… ልጅ» ነው። የማን ልጅ? አይናገርም።
በያጁ የሰው ኪኒን ይዞ በሩ ጋ ደረሰ።
ደግነቱ የሱ ነጭ ነው፣ ይሄ ሰማያዊ፤ ተመለሰ።

ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ነኝ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።
ጥፋቱ የፊደሉ ነው፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣
እንደ ባለጊዜ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ።

ኦዲል ፍሬሼት የሴንት ቦኒፌስ ልጅ ናት፤
ፊደል ስትስል የሚነጋባት።
ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች።
«ወርዱ ስንት ነው?»
«አርባ ስምንት ሚሊ ሜትር።»
እርሳሷን ቀረጸች።

መጀመሪያ ጌጡን ገፈፈች፤ ጫማና ባርኔጣውን፣
ከየጭረቱ ጫፍ የበቀለ ጥፍሩን።
ቀጥላ ግራና ቀኙን ይዛ ስትገፋ፣
ኦ እንቁላል ሆነች፣ የኢ ዓይኗ ጠፋ።
«ማጥበብ መጭመቅ አይደለም» አለች ላጲሷን እያራገፈች፤
«የጨመቅከው ይጮሃል።» ወረቀቱን ቀደደች።

እንደገና ስትጀምር ወገቡን ቀጭን፣ ሆዱን ሰፊ አደረገችው፤
ውስጡ የታፈነውን ነጭ እንደ መስኮት ከፈተችው።
በኛ ቋንቋ ሆደ ሰፊ የምንለው ሰው አለ፣
ያለ ቦርጭ፣ ያለ ቦታ፣ ለሌላ ቦታ ያለው። ይሄም እሱን መሰለ።

ያስጨነቋት ሦስት መንትዮች ነበሩ፦
ቁጥር አንድ፣ ትልቁ አይ፣ ትንሿ ኤል፤ አንድ ላይ ሲገተሩ
ሦስት የስልክ እንጨት። እናታቸውም አትለይ።
መጠኑን ለሚያነብ በሽተኛ ይሄ ቀልድ ነው ወይ?
ለኤል ጭራ ቀጠለችላት፣ ለአንድ ቆብ ደፋችለት፤
አይን ግን፣ «እሱ ራሱን ይቻል» ብላ ተወችው እንዳለበት።

በፊደልና በፊደል መካከል ስላለው ክፍተት ግን ያወቀችው ከኔ ነው።
ፖርቴጅ ላይ፣ ማሞቂያ ካለው የመስታወት ፌርማታ፣
ሃያ ሰው ለአሥር ሰው ቦታ ሲንገላታ፣
ውጭ የቀሩ አሮጊት አየሁና ሳላስበው
እንደ ታክሲ ረዳት ጮህኩ፦ «ጠጋ ጠጋ በሉ!»
አንድም ሰው አልገባው። ሁሉም ጠጋ አሉ።
ኦዲል ጓንቷን አውልቃ በብርዱ ጻፈች፦
ትከሻ ለትከሻ፣ ግን እስትንፋስ ማለፊያ ይኑረው።

መጋቢት ላይ አተምነው።
ወደ ሰሜን በምትበር ትንሽ አውሮፕላን፣ በካርቶኑ ጎን
ኒሲቻዋያሲህክ አለ፣ ከነሙሉ ስሙ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድለው።
መብራት ኃይሉ ለሂሳቡ ወሰደው፣ አውቶቡሱ ለሰዓቱ፤
በመስመር በሚከፈልበት ጋዜጣ፣ በለቅሶው ገጽ፣ ሟቹ ሽማግሌ
በዚያው ዋጋ አንድ የልጅ ልጅ ተጨመረላቸው በስተግርጌ።
አንድ በርገር ቤት ደግሞ አጉልቶ ጣሪያው ላይ ሰቀለው፤
አጥር መሰለ። ኦዲል በዚያ መንገድ ማለፍ ተወች።

ወልደትንሣኤ ጠርሙሱን ተቀበለ።
መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አነበበው፣
ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣
ከዚያ «አርባ ሳንቲም ጨምሯል» አለ፣ አጉረመረመ፣
ኮቱን ቆልፎ ወጣ፣ ፊደሉን ልብ አላለው።
ልጅቷ ቀጣዩን ጠርሙስ አነሣች፦
«ወልደሰንበት!»
አንድ ሰው ተነሣ።